የቆቦው ጊንጥ፦ ትራክተር ጀርባ ላይ የታሰረ መቆፈሪያ በኦፕሬተሩ ላይ የተጣጠፈበት ጉዳይ

ስልኩ የተደወለልኝ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከሚገኘው ጋራዣችን ውስጥ የአንድ ጭነት መኪና ካምቢዮ አውርደን እጃችን እስከ ክርናችን በዘይት ተነክሮ ነበር። የደወሉት የቆቦው ሐጂ ናቸው። እኚህ ሰው ለወትሮው ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ያን ዕለት ግን ሰላምታውን ዘለሉት።

“ልጄ፣ ጊንጡ ኦፕሬተሬን ሊበላብኝ ነበር” አሉኝ።

“ደኅና ነው ሐጂ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ይተነፍሳል። ጎኑን ያመዋል። ሐኪም አይቶት አጥንት አልተሰበረም ብሏል።”

“እንግዲያው አብሽሩ፤ ነገ እደርሳለሁ። ማሽኑን ግን ማንም እንዳይነካብዎት። ሊቨሮቹ ሁሉ ባሉበት ይደሩ።”

ስልኩን ልዘጋ ስል የጨመርኳት ይህች ማሳሰቢያ ባትኖር ኖሮ ይህን ጉዳይ ዛሬ የምጽፈው በግምት ነበር። አደጋ በደረሰበት ማሽን ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ማስረጃ የሊቨር አቀማመጥ ነው፤ የመጣ ሰው ሁሉ “እስቲ ልየው” እያለ አንድ ጊዜ ይነካካዋል።

ሐጂ ጊንጥ ያሉት ከትራክተራቸው ጀርባ በሦስት ክንዶች የሚታሰረውን መቆፈሪያ ነው። ቁመናው የትልልቆቹ ኤክስካቫተሮች ታናሽ ወንድም ይመስላል። ሁለት ቦታ የሚታጠፍ እጅ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ጠባብ ባኬት፣ ከግራና ከቀኝ መሬት የሚረግጡ ሁለት እግሮች፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የኦፕሬተር ወንበር አለው። መንገድ ላይ እጁን ሰቅሎ ሲያልፍ ያዩት የሰፈሩ ልጆች ጊንጥ ብለው ስም አወጡለት፣ ስሙም ጸና።

ሥራው

ቆቦ ሜዳ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ወደ ደጋው የሚወጣው ሰንሰለት ያቅፉታል፤ ሜዳውን የሠራው ከእነዚህ ተራሮች ሲወርድ የኖረ ደለል ነው። የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ሲሞሉ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ከጉድጓድ በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማውም ብዙ ነው፤ ሐጂ ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

የፈለጉት ከጉድጓዱ እስከ ሽንኩርት ማሳቸው 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ የሚቀበርበት 580 ሜትር ቦይ ነው። ስፋቱ 40፣ ጥልቀቱ 90 ሳንቲ ሜትር። ለአንድ ቱቦ ይህን ያህል መውረድ ትርፍ የሚመስለው ዋልካን፣ ማለትም ጥቁሩን ጭቃማ አፈር፣ የማያውቅ ሰው ነው። ዋልካ በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ክረምት ሲጠግብ ደግሞ ያብጣል። ቱቦው ከዚያ በታች ካልተኛ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ሲጎትተውና ሲመልሰው ይከርምና መጋጠሚያው ላይ ይላቀቃል።

ሲባዛ 209 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። ዋልካ ላይ ብርቱ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ቢያወጣ ነው፤ ከ100 የሰው ቀን በላይ ማለት ነው፣ ያውም በአጨዳ ወቅት። ኤክስካቫተር ከወልዲያ በሎቤድ ማስጫኑ ለሽንኩርት ገበሬ የሚቀመስ አልነበረም፤ ቢመጣም 40 ሳንቲ ሜትሩን ቦይ አንድ ሜትር አድርጎ ከፍቶ የማሳውን ዳር ያበላሻል። ስለዚህ ሐጂ አንድ ያገለገለ መቆፈሪያ ከነጋዴ ገዙ። ሐሳቡን እኔም ደግፌ ነበር። ይህንን ልደብቀው አልፈልግም፤ ከመግዛታቸው በፊት በስልክ ጠይቀውኝ “ትራክተርዎ 80 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ይችለዋል” ብያቸዋለሁ። ትራክተሩ መቻሉን እንጂ ማሰሪያው መቻሉን አልጠየቅኩም።

መቆፈሪያው ሲመጣ መመሪያ መጽሐፉ ማንም በማያነበው ቋንቋ ነበር። የሽንኩርቱ ችግኝ መደብ ላይ ደርሷል፣ ውሃው ካልደረሰ ሊያልፍበት ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ አሰሩትና በማግስቱ ቁፋሮ ጀመሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አደጋው

ሦስት ቀን በሰላም ተቆፈረ። 210 ሜትር። ኦፕሬተሩ በእርሻ ላይ ስድስት ዓመት የቆየ ጠንቃቃ ልጅ ነው፤ ቦዩን ሲያወጣ ክር የተዘረጋበት ይመስል ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ የድሮ የጎርፍ መሄጃ የነበረ ቦታ ላይ ሲደርስ ዋልካው ሥር ድንጋይ ተገኘ። ደለል ሜዳ ሲባል ሁሉም አፈር የሚመስለው አለ፤ ጎርፍ ግን አፈር ብቻ ይዞ አይወርድም። ኦፕሬተሩ ባኬቱን ከድንጋዩ ሥር አግብቶ ወደ ራሱ ሳበ። አልነቃ አለው። ጋዝ ጨምሮ እንደገና ሳበ። የነገረኝን እንዳለ ላስቀምጠው፤ “ጋሼ፣ ድንጋዩ የሚነሣ መሰለኝ። የተነሣሁት ግን እኔ ነኝ።”

መቆሚያ እግሮቹ መሬቱን ለቀው ተነሡ። ወዲያው የመቆፈሪያው አናት ወደ ትራክተሩ ተደፋ፤ ወንበሩም ከነሰውየው አብሮ ተደፋ። ጀርባው ከትራክተሩ መቀመጫ መደገፊያ ጋር ተጣበቀ፣ ደረቱ ላይ የመቆጣጠሪያ ሊቨሮቹ መጡበት። ሞተሩ እየሠራ ነው።

ያዳነው የሐጂ ታናሽ ልጅ ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ ከትራክተሩ የፊት ጎማ አጠገብ ቆሞ ሲያይ ነበር፤ ዘሎ ወጥቶ የሞተሩን ማጥፊያ ሳበው። እዚህ ላይ ነገሩ ያስቸግረኛል። መቆፈሪያ ሲሠራ እጁ ከነባኬቱ ከሚዞርበት ርቀት ውስጥ ሰው አይቁም፣ ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይቅረብ ብዬ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጁ ያን ቢሰማ ኖሮ ኦፕሬተሩ አይኖርም ነበር። አሁንም የማስተምረው ያንኑ ነው፤ ግን ማጥፊያውን የሚያውቅ አንድ ዐዋቂ ሰው በትራክተሩ ፊት በኩል፣ እጁ በማይደርስበት ቦታ ይቁም የሚል ጨምሬበታለሁ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ኦፕሬተሩ በክርኑ እጁን የሚስበውን ሊቨር ወደ ተቃራኒው ገፋው። የታፈነው ዘይት ወደ ጋኑ ተመለሰ፣ ባኬቱ ድንጋዩን ለቀቀ፣ የእጁም ክብደት መቆፈሪያውን ወደ ኋላ መለሰው። ይህን ማንም አላስተማረውም። እንዴት እንዳሰበው ስጠይቀው “አላሰብኩትም” አለኝ።

ያየሁት

በማግስቱ ከኮምቦልቻ በሌሊት ተነሥቼ ደሴን፣ ሐይቅን፣ መርሳን፣ ወልዲያን አልፌ ረፋዱ ላይ ደረስኩ፤ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦዩ ዳር ከሃያ ሰው በላይ ተሰብስቧል። ሦስት ፍርድ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ይላል። ሐጂ ኦፕሬተሩ ጋዝ አብዝቷል ይላሉ። ኦፕሬተሩ ብየዳው ደካማ ነበር ይላል።

ብየዳው አልተነካም። ከዚያ ጀመርኩ።

የላይኛው ክንድ፣ ማለትም ከሦስቱ መሀል ላይ ያለውና በክር የሚረዝመው፣ የሚያጥረው፣ እንደ ቀስት ጎብጧል። ክሩን ፈትቼ ስቆጥረው ከአንዱ ጫፍ በቱቦው ውስጥ የቀረው አራት ዙር ብቻ ነበር። መቆፈሪያውን ቀጥ አድርጎ ለማቆም ክንዱን እስከ መጨረሻው አርዝመውታል። እንዲህ የረዘመ ክንድ ሲሳብ ይችል ይሆናል፤ ሲገፋ ግን ይጎብጣል።

ሁለተኛው ፒኖቹ ናቸው። የመቆፈሪያው የታች ፒኖች 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ የትራክተሩ ክንዶች ቀዳዳ ደግሞ የ28 ነው። ልዩነቱን በቦኮላ፣ ማለትም ፒኑ ላይ በሚጠለቅ የብረት ቀለበት፣ ሞልተውታል። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል። 22 የአንደኛው ምድብ፣ ማለትም ከ20 እስከ 45 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ትንንሽ ትራክተሮች መለኪያ ነው፤ 28 የሁለተኛው። መቆፈሪያው ለትንሽ ትራክተር የተሠራ ነው ማለት ነው። ትልቅ ትራክተር ላይ መታሰሩ የሚጠቅም ይመስላል፤ እኔም በስልክ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ትንሽ ትራክተር ድንጋይ ሲይዘው ወደ ኋላ ይንሸራተትና ራሱን ያድናል። የሐጂ ትራክተር ከባድ ነው፣ ጎማዎቹም ሥር ታኮ ተደርጎባቸው ነበር። አልተንሸራተተም። ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ ደካማውን ቦታ ፈለገ።

ሦስተኛውን ለማየት ተንበረከክሁ። መቆሚያ እግሮቹ ዋልካው ላይ የተዉትን አሻራ ነው የማየው። ባኬቱ መሬቱን ወደ ታች ገፍቶ ማሽኑን አንሥቶት ቢሆን ወይም ትራክተሩ ተጎትቶ ቢሆን አሻራው ይፋቅ ነበር። የቀኙም የግራውም አሻራ ግን እንደ ማኅተም ጥርት ያለ ነው። እግሮቹ ተጎትተው አልተነሡም፤ ከፍ ተደርገው ነው የተነሡት። አንድ ነገር የታችኞቹን ክንዶች ወደ ላይ አንሥቷቸዋል።

ከዚያ ሊቨሮቹን አየሁ። በዚህ ዓይነት ትራክተር ላይ ክንዶቹን የሚያዙ ሁለት ሊቨሮች አሉ። አንዱ ክንዶቹ በተወሰነ ከፍታ ላይ እንዲቆሙ ያደርጋል። ሌላው ለማረሻ ነው፤ አፈሩ ሲከብድ ማረሻውን በራሱ ትንሽ ከፍ፣ ሲቀል ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ሊቨር ጤፍ ሲታረስ በነበረበት ቦታ ቆሟል። ከሐምሌ ጀምሮ ማንም አልነካውም።

“ሐጂ፣ ይኸን ማን ነው የሚያስተካክለው?” አልኳቸው።

“እሱን እኮ አንነካውም። ያለበት ቦታ ለእርሻው ልክ ነው” አሉኝ። ለእርሻው ልክ ነበር።

ወደ 1926 የሚወስድ ጣጣ

ይህ ሊቨር ለምን መቆፈሪያን እንደሚያነሣ ለመረዳት ሦስቱ ክንዶች ለምን እንደተፈጠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰሜን አየርላንዱ ሃሪ ፈርጉሰን የሥርዓቱን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ በ1939 ከፎርድ ጋር በሠራው ትራክተር ላይ ለገበያ በብዛት ወጣ። ያስጨነቀው ነገር ከሐጂ ነገር ሩቅ አይደለም። በዚያ ዘመን ማረሻ ከትራክተር ኋላ በሰንሰለት ወይም በመጎተቻ ነበር የሚታሰር። ማረሻው ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዘው ጎማው መሽከርከሩን ይቀጥላል፣ የትራክተሩ አፍንጫ ይነሣል፣ ሹፌሩ ላይም ይገለበጣል። ብዙ ሰው ሞቶበታል።

ፈርጉሰን ማረሻውን በሁለት የታች ክንዶችና በአንድ የላይ ክንድ አሰረው። ማረሻው ከታች ሲያዝ አናቱ ወደ ፊት መደፋት ይፈልጋል፤ የላይኛው ክንድ ይህን ግፊት ተቀብሎ ወደ ትራክተሩ አካል ያስተላልፈዋል፤ ግፊቱም አፍንጫውን መሬት ላይ ይይዘዋል። ገዳዩን ጉልበት ጠባቂ አደረገው። በዚያ ላይ የላይኛው ክንድ በትራክተሩ ጀርባ በሞላ ላይ እንዲያርፍ አደረገ። አፈሩ ሲከብድ ክንዱ ሞላውን ይጫናል፣ ሞላው የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ይነካል፣ ክንዶቹም ማረሻውን ትንሽ ያነሣሉ። ማረሻው ይቀለዋል፣ ትራክተሩ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1953 የፈርጉሰን ድርጅት ከማሲ ሃሪስ ጋር ተዋሕዶ ኋላ ማሲ ፈርጉሰን ተባለ፤ በእኛ አገር እርሻ ላይ ስሙን የማያውቅ ሹፌር የለም። ሐሳቡን ግን ሁሉም ድርጅት ወስዶታል።

እንግዲህ መቆፈሪያውን በማረሻው ቦታ አስቡት። ባኬቱ ከታች ድንጋይ ይዞ ወደ ትራክተሩ ሲስብ ድንጋዩ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ የመቆፈሪያው አናት ወደ ፊት ይደፋል፤ የላይኛው ክንድ ይገፋል፤ ሞላው ይጫናል። ትራክተሩ ይህ ማረሻ ይሁን መቆፈሪያ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ከበደ፤ አንሣው። አነሣው።

ሲነሣ እግሮቹ መሬት ለቀቁ፣ እስከዚያ ድረስ ጉልበቱን ይካፈሉት የነበሩት እነሱ ስለነበሩ ሸክሙ በሙሉ ወደ ላይኛው ክንድ ዞረ፤ በአራት ዙር ክር የቆመው ክንድ ጎበጠ፤ ወንበሩ ተደፋ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የታች ፒኖቹ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይላሉ፣ ባኬቱ 90 ሳንቲ ሜትር ወርዷል፤ ድምሩ 1.4 ሜትር ነው። በመቆፈሪያው ላይ በታች ፒኖቹና በላይኛው ፒን መካከል ያለው ከፍታ 46 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተለካ። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ሦስት ይሆናል። ባኬቱ በአንድ ቶን ቢስብ፣ እግሮቹ ከለቀቁ በኋላ ክብደቱ የሚያግዘውን ትተን፣ የላይኛው ክንድ ሦስት ቶን ይገፋል ማለት ነው።

ሰው በወረቀት አያምንምና አሳየሁ። መቆፈሪያውን አላቀቅን፣ ሰውን ሁሉ ወደ ዳር አራቅን፣ ሞተሩን አስነሣን። ዲጂኖ አምጥተን የላይኛው ክንድ የሚታሰርበትን ለሁለት ሆነን ወደ ፊት ገፋነው። ክንዶቹ ተነሡ። ለቀቅነው፤ ወረዱ። እንደገና ገፋነው፤ ተነሡ። ሐጂ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ኦፕሬተሩ ዞረው “ይቅር በለኝ፣ ልጄ” አሉት። ኦፕሬተሩ እጃቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ጎኑ አመመውና ቀና አለ።

አንድ ነገር ግን ይታከልበት፣ አለበለዚያ ከዚህ የተሳሳተ ነገር ይወሰዳል። ሊቨሩ በትክክለኛው ቦታ ቢሆንም አደጋው ሊቀንስ እንጂ ሊጠፋ አይችልም ነበር። የአብዛኞቹ ትራክተሮች ማንሻ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚገፋ፤ ወደ ታች የሚያወርደው የዕቃው ክብደት ነው። ከታች ኃይል ቢመጣ ክንዶቹ እንደ ልባቸው ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ የሚይዛቸው ነገር የለም። ለማረሻ ይህ ነጻነት ጥሩ ነው። ለመቆፈሪያ ግን ወለሉ የሚነሣ ቤት ማለት ነው። የትራክተር ፋብሪካዎች መቆፈሪያቸውን በሦስቱ ክንዶች ከማንጠልጠል ይልቅ ከኋላ አክስል ሥር አልፎ ወደ ፊት በሚደርስ የብረት ማቀፊያ ላይ የሚያስሩት ለዚህ ነው።

ጥገናው

ሐጂ የጠየቁኝ “ልሽጠው?” ብለው ነው። “የሚገዛዎትም እንዲሁ ያስረዋል” አልኳቸው። መቆፈሪያውና ትራክተሩ ተጭነው ኮምቦልቻ መጡ። በመኪና ሚዛን ላይ መቆፈሪያው ብቻውን 640 ኪሎ ሆነ።

ሙሉ ማቀፊያ ለመሥራት የትራክተሩን ሆድ በሙሉ መለካትና ወፍራም ብረት መግዛት ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘቡ አልነበረም። ያደረግነው መካከለኛ ነገር ነው። የሚረዝመውን ክንድ ትተን ልኩ የማይለወጥ፣ ከወፍራም ብረት የተሠራ ክንድ ሠራን፤ አሁን ሊረዝምም ሊያጥርም አይችልም። ከመቆፈሪያው የታች ጠርዝ ሁለት ዘንጎች አውጥተን በኋላ አክስሉ ሥር አሳልፈን ከትራክተሩ አካል ጋር በብሎን አሰርን፤ ክንዶቹ እንዳይነሡ የሚይዙት እነሱ ናቸው፣ ከግፊቱም የሚካፈሉት። ቦኮላዎቹን አውጥተን ፒኖቹን በ28 ሚሊ ሜትር ለወጥን፣ የመቆፈሪያውንም ጆሮ አጠናከርን። ትራክተሩ አፍንጫ ላይ ክብደት ጫንን፤ 640 ኪሎ ከኋላ ተሰቅሎ መንገድ ሲወጣ የፊት ጎማው ቀልሎ መሪው አልታዘዝ ይል ነበርና።

ፓምፑን አልነካነውም። በፒቲኦ ዘንግ፣ ማለትም ከትራክተሩ ጀርባ ጉልበት በሚያወጣው ዘንግ፣ በደቂቃ 540 ዙር የሚዞር፣ የራሱ ጋን ያለው ፓምፕ ነው፤ ደኅና ነበር። እንዳይዞር የሚይዘው ሰንሰለት ብቻ በሽቦ ተተክቶ አገኘነውና ሰንሰለት አደረግንበት። ሽቦው ቢበጠስ ፓምፑ ራሱ ከዘንጉ ጋር ዞሮ ቱቦዎቹን ሁሉ ይበጣጥስ ነበር። ይህ ሌላ አደጋ ነው፣ ተራውን ሲጠብቅ የነበረ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሥራውን ልንጨርስ ስንል የተገኘው ነው። የላይኛው ክንድ የሚታሰርበት የትራክተሩ ጀርባ ጊዛ ነው፣ ማለትም ቀልጦ የተቀዳ ብረት። ጊዛ አይጎብጥም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቦታውን በነጭ ጋዝ አጥበን፣ አድርቀን፣ ጠመኔ ፈጭተን ቀባነው። ይህ የድሆች ምርመራ ነው፤ ነጭ ጋዙ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ቀስ ብሎ ወደ ጠመኔው ይወጣና መስመር ያሰምራል። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ከአንዱ ብሎን ቀዳዳ ጀምሮ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ።

የኋላው አካል ቢከፈል ትራክተሩ ከመሀሉ ለሁለት ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት የተከፈሉ ትራክተሮች በዓለም ብዙ ናቸው። ስንጥቁ ጥልቅ አልነበረም፣ ዘይት ወደሚገኝበት ክፍል አልደረሰም። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስተን እንዳይሮጥ አደረግን፤ በላዩ ላይ ሸክሙን ወደ ሌሎቹ ብሎኖች የሚያሰራጭ ወፍራም ላሜራ አሰርን። መበየድ ይሻላል ያሉ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። እኔ ጊዛ ብየዳን እፈራለሁ፤ በደንብ ሳይሞቅ ተበይዶ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከቀረ ከአጠገቡ አዲስ ስንጥቅ ይወልዳል። በዚህ ላይ ተከራክረናል፤ ሐሳባቸውን አልቀየሩም፣ እኔም አልቀየርኩም።

ወደ ቦዩ መመለስ

ኦፕሬተሩ ወደ ወንበሩ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ወሰደበት። ጎኑ ቀድሞ ዳነ፤ የቀረው ፍርሃቱ ነበር። መጀመሪያ የሞተሩን ማጥፊያ እኔ ይዤ ከአጠገቡ ቆምኩ። የማረሻውን ሊቨር ከሥራ ውጭ ወደሚሆንበት ቦታ አድርገን በሽቦ አሰርነው፤ ለእርሻ ሲፈለግ ሽቦው ይፈታል። እግሮቹን የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ሳይለቁ ክብደታቸውን እስኪያካፍሉ ድረስ ማውረድን፣ ዋልካው ለስላሳ ከሆነ ከእግሮቹ ሥር ጣውላ ማድረግን ለመደ። አፈሩን ከ20 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብርብር መግፈፍን፣ ድንጋይ ሲያጋጥም ደግሞ ሞተሩ ድምፁን እስኪቀይር አለመሳብን ግን ለመማር ጊዜ ወሰደበት። የኦፕሬተር እልህ የሚባል ነገር አለ፤ ከድንጋይ ጋር ሲጋጠም “ወይ እኔ ወይ እሱ” ይላል። ከአያያዝ ይቀደዳል።

ከአደጋው በኋላ 280 ሜትር በአምስት ቀን ተቆፈረ። ከበፊቱ ቀርፋፋ ነው። በቀን 70 ሜትር ይሄድ የነበረው 56 ሆነ፤ ሐጂ ይህን አስልተው ነገሩኝ፣ እኔም አልካድኩም።

የቀረው 90 ሜትር የድሮው የጎርፍ መሄጃ ነው። ድንጋዩ እዚያ ነው። ሐጂ “አሁንማ ጠንክሯል፣ ይሞክር” አሉ። ኦፕሬተሩ ዝም ብሎ እኔን አየኝ። “ሐጂ፣ እርስዎ ቢፈቅዱ እዚህን በሰው እናውጣው” አልኳቸው። የቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ መረዳጃ፣ ሰዎች ሰሙ፤ የደቦ ቀን ተቆረጠ። ማለዳ ቡና ተፈልቶ ዱዓ ተደርጎ ተጀመረ። ከ30 በላይ ሰው ዲጂኖና አካፋ ይዞ ወጣ፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ ሴቶቹም ቡናውንና የማሽላ እንጀራውን ይዘው። በሁለት ቀን አለቀ። ያ ሰውየውን የደፋው ድንጋይ ሲወጣ የአንድ ፍየል ያህል ነበር፤ ብዙ ሰው ቅር አለው፤ ትልቅ ነገር ጠብቀው ነበርና።

ቦዩ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር በታች ስለነበር ሰው መግባቱ አላሳሰበኝም፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ዋልካን አላምነውም። ቆፍረው ያወጡትን አፈር ግን ከቦዩ ከንፈር 60 ሳንቲ ሜትር እንዲያርቁ አደረግሁ፤ ደረቅ ዋልካ ሲቆረጥ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ከንፈሩ ላይ ሸክም ሲያርፍ ግን ሳያስጠነቅቅ ይናዳል።

ውሃው ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ማሳው ደረሰ። ሽንኩርቱ ዘግይቶ ተተከለ፤ ዋጋው ደግሞ ሌላ ወሬ ነው።

አሁን ከሌላ ቀበሌ አንድ ሰው ሐጂን 3 ሜትር የሚጠልቅ የውሃ ማቆሪያ እንዲቆፍሩለት እየለመናቸው ነው። ደውለው ጠየቁኝ። 46 ሳንቲ ሜትሩን አስታወስኳቸው፤ ባኬቱ 3 ሜትር ቢወርድ ከፒኖቹ 3.5 ሜትር ይሆናልና ሦስት እጥፉ ወደ ስምንት ይጠጋል። “ስምንት ብለህ ነው?” አሉኝ። ስምንት ነው አልኳቸው። ሰውየውን ለሌላ ማሽን ላኩት።

ትራክተሩ ከመቆፈሪያው ጋር ከኮምቦልቻ ሲወጣ በተጠገነው ስንጥቅ ላይና ከአጠገቡ ባለው መጋጠሚያ ላይ ነጭ ቀለም ቀብቼ ነበር። ቀለሙ ከብረቱ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ኦፕሬተሩ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ በጨርቅ ጠርጎ ያየዋል፣ ፎቶ አንሥቶም በስልክ ይልክልኛል። ያለፈው ቅዳሜ የላከው ላይ ጭቃ ነበረበትና አጥቦ ድጋሚ እንዲያነሣ አዝዤዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ላከልኝ፤ ቀለሙ ድፍን ነው።